ጨረቃን ያልጠበቀው ሊጥ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም እያልኩ ብዙ ቀን አመነታሁ። ጀግና የለበትም፤ ሰው የሚደነቅበት ነገርም የለበትም። ያለው አንድ ትሪ ሊጥ፣ ጥቂት ማንጎና አፉን የዘጋ አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለራሱ ይይዘዋል እንጂ ምኑን ለሌላ ያስነብበዋል? ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ሰኞ ግን አንዷ የዶርማችን ልጅ ልደቷ ነበር። ሁላችንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስለሆንን ገና በደንብ አንተዋወቅም። ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ኬክ ቤት አንድ ክብ ኬክ አመጣንላት። ካርቶኑ ሲከፈት ከላዩ በስሱ የተቆረጠ ማንጎ ተደርድሮበታል። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱ። እኔ እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ። "ሀያት፣ አንቺስ?" ሲሉኝ "ጾም ነኝ" ብዬ ዋሸሁ። ሰኞ የሱና ጾም ቀን ስለሆነ አመኑኝ፤ ድርሻዬንም በሳህን አድርገው ለማፍጠሪያ አስቀመጡልኝ። እንዲህ ሲያስቡልኝ ውሸቱ ከበደኝ። ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ ልሞክረው።

አባቴ ሰይድ ይባላል። ቆቦ ላይ ግን "ሰይድ ጀርመን" ካላላችሁ ቤቱን የሚያሳያችሁ አታገኙም። እኔ ሳልወለድ በፊት ሜዳው ላይ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ጀርመኖች ነበሩ። አባቴ መጀመሪያ ዘበኛ ሆኖ ገባ፤ ከበር ወደ ኩሽና ተዛወረ፤ ውሎ አድሮም ምግብ አብሳያቸው ሆነ። የመሐንዲሱን ሚስት ስሟን አላውቀውም፤ እኛ ቤት "ማዳም" ብቻ ናት። ማዳም በዓላቸው በደረሰ ቁጥር በእርሾ የቦካ የስንዴ ሊጥ በሰፊ ትሪ ላይ ትዘረጋለች፤ በሊጡ ላይ ፍራፍሬ ትደረድራለች፤ በፍራፍሬው ላይ ደግሞ በቅቤና በስኳር የታሸ የዱቄት ፍርፋሪ ትነሰንሳለች። ስሙ ኩኸን ነው። እናቷም አያቷም ለበዓል ይህንኑ ይጋግሩ እንደነበር እየነገረች ለአባቴ አስተማረችው። ሥራቸው አልቆ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ትሪውን ለእሱ ተወችለት።

ከዚያ ወዲህ ኩኸን የእኛ የዒድ ምግብ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ለዒድ ድፎ ሲደፋ አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ማዳም እንዳስተማረችው ሊጥ ያሻል። በእሷ ሀገር የሚደረደረው ፕሪም ነው፤ ቆቦ ላይ ፕሪም ከየት ይመጣል? አንድ ዓመት በፓፓያ ሞከረ፤ ውኃ ሆኖ ሊጡን አራሰው። በዘይቱን ሲሞክረው ጥሩ ነበር፤ ጥቃቅኑ ፍሬ ግን ጥርስ ውስጥ እየገባ ሽማግሌዎቹን አስቸገረ። በመጨረሻ ከዋጃ በኩል የሚመጣ፣ ያልለሰለሰ፣ ገና ጎምዘዝ የሚል ማንጎ ላይ ረጋ። ማንጎውን በስሱ ቆርጦ እንደ ሰጋጆች ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ያስጠጋጋዋል። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ውስጥ የግራር ከሰል ያነዳል፤ ትሪውን አስቀምጦ በላዩ ላይ ቆርቆሮ ይከድናል፤ ቆርቆሮው ላይም ፍም ያደርጋል። "ከላይ ያለው እሳት ከታችኛው መብለጥ አለበት" ይል ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አስረድቶን አያውቅም።

ጎረቤታችን እቴ ዘምዘም በየዒዱ እየመጣች ታበሽቀዋለች።

"ሰይድ፣ ዘንድሮም ማንጎውን ውስጡ መክተት ረሳኸው?"

"አንቺ ብቻ ብዪ። ማዳም ብትሰማሽ ታለቅስ ነበር።"

"ማዳምህ የሊጥ ማሸቱን ሥራ ለወንድ ሰጥታ የሄደች ብልጥ ናት። ምን አስለቀሳት?"

እንዲህ ብላ ሦስት ቁራጭ ትበላና ለልጆቿ ሌላ ሦስት ታስጠቀልላለች።

አባቴ አንድ የማይጣስ ደንብ ነበረው። ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ወይም ሠላሳ ነው፤ ዒድ ነገ መሆኑ የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነው። ጨረቃዋ መታየቷ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሳይነገር ዱቄት አይነካም፤ እኛንም አያስነካም። የቆቦን ሙቀት የማያውቅ ሰው ይህ ግትርነት ይመስለዋል። ማዳም በሀገሯ ሊጡን ምድጃ አጠገብ አስጠግታ፣ በብርድ ልብስ ሸፍና ነበር የምታስነሳው። እኛ ጋ ግን ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ሁለት ሰዓት አይቆይም፤ ይነሳል፣ ያልፋል፣ ይቆመጥጣል። በአንድ ቀን የቀደመ ሊጥ የሞተ ሊጥ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ታመመ። በአስፋልቱ ዳር ለሹፌሮች ሻይና ቦንቦሊኖ የሚሸጥባት ትንሽ ቤት ነበረችው፤ እዚያ ዘይት እንደጣደ ወደቀ። ወልድያ ወስደነው ሳምንት ያህል ተኛ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተዘጋ። ወደ ደሴ ውሰዱት ተባልን፤ ያን ሰሞን ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መኪና የሚሄድበትን ቀን ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ፣ ቤት አስተኛነው። ሲወጣ ስለ አመጋገቡ ተነግሮን ይሆናል። እማ ያን ቀን የሰማችው ነገር እንደሌለ ትናገራለች፤ እኔም ያየሁት የመድኃኒቱን ወረቀት ብቻ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ምግብ እምቢ አለ። መጀመሪያ ወተት በማንኪያ ይቀበል ነበር፤ ግማሹ ይፈስሳል፣ ግማሹ ያስለዋል። ቀስ በቀስ ማንኪያ ሲያይ ከንፈሩን መግጠም ጀመረ። አንገቱ ቀጠነ፤ ጀለቢያው ሰፋው። የሚጠይቁት ሰዎች በር ላይ ቆመው ይመካከራሉ።

"አኩርፎ ነው" አለች እቴ ዘምዘም። "ቆቦን ሙሉ በእጁ ያበላ ሰው፣ በሰው እጅ መጉረስ አሳፍሮት ነው። ወላሂ እኔም ብሆን አልበላም።"

ሁላችንም ይህንን አመንን። የሚመስለውም ይኸው ነበር፤ አባቴ ኩሩ ሰው ነው። እማ ትለምነዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ወጥታ ፊቷን ትታጠብና ተመልሳ ትለምነዋለች። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ "ጎበዝ" መባል የምወድ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ፦ ኩኸኑን እኔ ብሠራለት፣ የራሱን ምግብ በራሱ ትሪ ባቀርብለት፣ እምቢ አይለኝም። አንዴ ከቀመሰ ይበላል። ከበላ ይድናል። ወር ሙሉ በጾም ላይ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው።

ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ላይ፣ ከዙሁር በኋላ፣ አልጋው አጠገብ ተንበረከክኩ። የመጨረሻውን የፈረንጅ እርሾ ይዤ ነበር፤ መንገዱ ስለተዘጋ በሱቆቹ ጠፍቶ ነበር። ቅቤና እንቁላል ከእማ ተቀብዬ አዘጋጅቻለሁ። ሰው ሁሉ ነገ ዒድ ነው ይላል፤ ስልኬ ላይ ያለው ካላንደርም ነገ ነው ይላል።

"አባ፣ ኩኸን ልሠራልህ ነው። ሊጡን አሁን ላቡካ?"

በግራ እጁ የእጄን አንጓ ያዘ። አጥብቆ ያዘኝ፤ እንዲህ ያለ ጉልበት የቀረው አልመሰለኝም ነበር። ሦስት ጊዜ ነቀነቀኝና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ደግሞ መስኮቱን አየ።

እጁን ሳምኩት። "እሺ አባ፣ አብሽር። አሳምሬ ነው የምሠራልህ" አልኩት። በርቺ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

አቡክቼ፣ አሽቼ፣ በትሪው ላይ ዘርግቼ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ጓዳ አስቀመጥኩት። የጨረቃዋን ወሬ ጠብቄ ማታ ማቡካት ስለማይመቸኝ፣ ታየች ሲባል እሳት ብቻ እንድለኩስ ብዬ ነው። መግሪብ ሆነ፤ አፈጠርን፤ ጠበቅን። ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን ጠራረገና ጨረቃ እንዳልታየች፣ ነገም ጾም መሆኑን ተናገረ።

እማ አየችኝ። እኔ ጓዳውን አየሁ። ከዚያም ወደ አባቴ ዞርኩ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሲነጋ ሊጡ ከትሪው ወጥቶ፣ ጨርቁን ተሸክሞ፣ በጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በቡጢ መታ መታ አድርጌ ዝቅ አደረግኩት። ረፋድ ላይ ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ዝቅ አደረግኩት፤ ዱቄት ጨመርኩበት። ዱቄት ስጨምርበት በዛ፤ ሲበዛ ወደ ሳፋ ገለበጥኩት፤ ሳፋውንም ሞላው። ቀትር ላይ ቤቱ በሙሉ የጠላ ዓይነት ሽታ ሸተተ። ጾመኛ ቤት ውስጥ! እማ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች። እቴ ዘምዘም ሽታው ጠርቷት መጣች፤ ሳፋውን አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ሀያትዬ፣ ሊጥሽ ጾም አያውቅም እንዴ? እኛ ስንከሳ እሱ ይወፍራል!"

መሳቅ አልቻልኩም፤ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷም ደንግጣ አቀፈችኝ። "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ። ለላም ይሰጣል፣ ሌላ ይቦካል።"

ሌላ ቅቤ የለም፤ ሌላ እርሾ የለም። ዛሬ ቢሆን ከዚያው ሊጥ ጥቂት ለእርሾ አስቀርቼ በአዲስ ዱቄት አቦካ ነበር። ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም። የታየኝ አባቴ በጀለቢያው ውስጥ እየጠበበ መሄዱ ብቻ ነው። ስኳር ጨመርኩበት፤ ቤኪንግ ፓውደር ጨመርኩበት። ያሸሁትን መልሼ አሸሁት። ሊጡ ከእጄ ላይ እንደ ላስቲክ ይሳብ ጀመር።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ተከራያችን ሲስተር ትዕግሥት ደረሰች። ጎጃሜ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ተመድባ እኛ ግቢ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። አባቴ ሳይታመም ለቤተሰብ ጥየቃ እንደሄደች መንገድ ተዘግቶባት እዚያው ቀርታ ነበር። ሦስት ቀን ተጉዛ እግሯ አብጦ ነው የገባችው። በበሩ አንገቷን አስግጋ አባቴን "እግዜር ይማርህ፣ ጋሼ ሰይድ" አለችው፤ ተኝቶ ስለነበር አልሰማትም። እኔንም ሳፋውንም አየችና "ኧረ ሀያት፣ እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ፤ ቅቤ ያለበትን ደግሞ ልታሳዪኝ ነው?" ብላ ቀልዳ ገብታ ተኛች። የዚያ ዓመት የሁለታችንም ጾም በአንድ ቀን ነበር የገባው።

የዒዱ ዕለት ጎህ ሲቀድ እሳቱን ለኮስኩ። ማንጎው ቀን አልፎበት ለስልሶ ስለነበር በስሱ አልቆረጥ አለኝ፤ ሰፉ ተጣመመ። ከላይ የበዛ እሳት አደረግኩ፤ ምን ያህል መብዛት እንዳለበት ግን የሚያውቀው አባቴ ነበር። ስከፍተው ጠርዙ ጠቁሯል፤ መሐሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ቢላው ሲገባ ይሳባል። ቀመስኩት፤ ይጎመዝዛል። ቢሆንም ማር ቀባሁት። ከሩቅ ሲታይ ኩኸን ይመስል ነበር።

ሰዎች ከሰላት ተመልሰው ቤቱ ሞላ። አባቴን በትራስ ደግፈን አስቀምጠነዋል፤ ነጭ ጀለቢያ አልብሰነዋል። ትሪውን ይዤ ስገባ ሰዉ መንገድ ለቀቀልኝ። ከመሐሉ አንድ ቁራጭ ቆርጬ በእጄ አቀረብኩለት።

"ቢስሚላህ በል፣ አባ። ያንተ ነው።"

ቁራጩን አየው። ረጅም ጊዜ አየው፤ የተጣመመውን ማንጎ፣ የጠቆረውን ጠርዝ፣ ሁሉንም። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያም አፉን ከፈተ።

ለዘጠኝ ቀን ከጥቂት ውኃ በቀር ለማንም ያልከፈተውን አፍ ለእኔ ከፈተው። እቴ ዘምዘም እልል አለች። እማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አጎረስኩት። ትልቅ አድርጌ አጎረስኩት፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበርና።

አላላመጠም። አልዋጠም። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ሳል ሊወጣ ሞክሮ አልወጣም። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ አንዱ ውኃ ይላል፣ አንዱ ጀርባውን ምቱት ይላል፣ አንዱ ሸሃዳ ያስብለዋል። እኔ የቀረውን ቁራጭ የያዘውን እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። እማ ጮኸች።

ሲስተር ትዕግሥት በሌሊት ልብሷ ነበር የገባችው። ሰዉን በክርኗ ገፋች፤ አባቴን በጎኑ አጋድማ ጣቷን አስገባችና ሊጡን አወጣች፤ አንድ ድፍን ጉርሻ ነበር፤ አልተነካም። ደጋግማ ጀርባውን መታችው። አየር ሲገባለት ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሰዉ አንድ በአንድ እየወጣ ሲሄድ ሲስተር መሬት ላይ ተቀምጣ ላቧን ጠረገች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያስለው?"

"ከወልድያ ከመጣ ጀምሮ" አለች እማ። "ግን ምግብ አይበላም፤ አኩርፎብናል።"

"አላኮረፈም፣ እትዬ። መዋጥ አቅቶት ነው። በሽታው ጉሮሮውንም ይዞታል። ወተቱም ውኃውም ወደ ሳንባው ነው የሚሄድበት። ፈርቶ ነው አፉን የሚዘጋው።"

"ታዲያ ለምን አልነገረንም?" አለች እማ። ያለችውን ራሷ ስትሰማው ደነገጠች፤ ተነስታም ወጣች።

እኔ ሲስተርን ሌላ ነገር ጠየቅኳት። እንደ እሱ ኩኸን ለስላሳ ሆኖ ቢወጣልኝ ኖሮ ይወርድ ነበር ወይ አልኳት። "ያው ነበር፣ ሀያት። ቢለሰልስም ያው ነበር" አለችኝ። እውነቷን ይሁን ላጽናናችኝ ብላ አላውቅም። መልሼ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ቀን በኋላ እሷ ባሳየችን መንገድ አበላነው። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፤ አገጩን ወደ ደረቱ ማድረግ፤ ከማር የማይቀጥን ገንፎ፣ የደቀቀ ማንጎ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ። አንዱን ሳይውጥ ሌላው አይጨመርም። ለአንድ ሲኒ አንድ ሰዓት ይፈጅብናል። የማንጎው ወቅት ሲያልፍ በሙዝ ቀየርነው። ጉንጩ ትንሽ ሞላ፤ እኛም ተስፋ አደረግን። ኩኸን ግን እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ አልተጋገረም። እማ ትሪውን ቁምሳጥን ላይ አውጥታ አስቀምጣዋለች፤ ማንም አያነሳውም።

አሁን ሰው ሲያገኘኝ የጤና ትምህርት ክፍል ግቢ ይለኛል። ነጥቤ ያደርሰኝ እንደሆነ አላውቅም፤ መፈለጌንም እርግጠኛ አይደለሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ አባቴን ስንት ጥያቄ ጠየቅኩት፦ ልሥራልህ? ላምጣልህ? ላቡካ? ሁሉም እሺ እንዲለኝ የሚለምኑ ጥያቄዎች ነበሩ። ስትውጥ ያምሃል ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ያን ብጠይቀው በግራ እጁ ሊመልስልኝ ይችል ነበር። የዒዱ ዕለት ግን ቁራጩ እንደማይወርድለት እያወቀ፣ ሊጡም ቀኑ እንዳለፈበት እያወቀ፣ አፉን ከፈተልኝ። ተርቦ ይሁን፣ ሰው ፊት እንዳላፍር ብሎ ይሁን፣ አላውቅም። ዛሬ ላይ ሆኜ ስገምት ሁለተኛው ይመስለኛል፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

በሰኔ ዝናብ ደረቱን ሳል ያዘው። ሲስተር ትዕግሥት መድኃኒት ጀመረችለት፤ መንገዱም ያን ሳምንት ተከፍቶ ለደሴ መኪና እያፈላለግን ነበር። ዓርብ ጠዋት ትራሱን አስተካክዬ ማንኪያውን አስጠጋሁለት፤ አልከፈተም። ጠበቅኩት። አባቴ የጁምዓ አዛን ሳይደርስ አረፈ፤ ዕለቱ ሰኔ 28 ቀን ነበር።